በጸሎቱ መሐል የተነፋው ፊሽካ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። በሰኔ በረዶ የገብሱን ቡቃያ መታው። በሐምሌ መሬቱ ተንዶ ጎጆ ይዞ ወረደ። ጉሙ ከጮቄ ተራራ አልነሣ አለ። ዓባይ የሚባል ልጅ በዚያው ጉም ቀርቶ፣ አስከሬኑ ያለበትን ያሳየው አሞራ ነው።

አሠልጣኙ ጋሼ ባዘዘው ስካውት ልጆቹን ወደ ተራራው ያወጧቸው ለዚህ ነበር። ዕድሜያቸውን ለልጆች መንገድ ማግኘትን ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። «ጉም አይገድልም፤ የሚገድለው ሩጫ ነው» ይሉ ነበር። አሁን ግን ወድቀው ከሞቱበት ገደል ሥር ጋቢ ተሸፍነው ተጋድመዋል።

ሔዋን ከድንኳኑ ምሰሶ ተጣብቃ ቆማለች። ገና ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሰው ሁሉ እሷን ያያል። የጠዋቱ ልምምድ የሷ ነበር፤ በጉሙ ውስጥ ተደብቃ ፊሽካ ስትነፋ ጋሼ ባዘዘው ድምፁን ተከትለው ሊያገኟት ነበር። ፊሽካው ተነፋ። ሽማግሌው ግን እሷ ዘንድ አልደረሱም።

«ገደል አፋፍ ቆማ ጠራቻቸው» አለ ምክትል አሠልጣኙ አንሙት። «እኔ ፏፏቴው ሥር ውሃ ስቀዳ ሰምቻታለሁ። ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ሳታርፍ ስትነፋ።»

ከደብረ ማርቆስ የተጠራው ኢንስፔክተር አካለ ወልድ መጀመሪያ ወደ አስከሬኑ ሄደ። ባርኔጣውን አውልቆ ተንበረከከ። «ጋሼ» አለ በቀስታ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ልጅቷ መጣ።

«የት ነበርሽ?»

«ከጅብራ ዛፎቹ መሐል፣ ከገደሉ ወዲህ።»

«እንዴት ነፋሽ?»

«እንዳስተማሩን። ሰዓት የለንም፤ ሦስት ጊዜ ንፉ፣ ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት በልባችሁ ድገሙ፣ ስትጨርሱ እንደገና ንፉ አሉን። ፈላጊው እንዲያዳምጥ፣ እኛም እንድንረጋጋ።»

«አልፈራሽም?»

ሔዋን ከንፈሯን ነከሰች። «ሌላ ፊሽካ ነበረ። እኔ ስጸልይ እሱ ይነፋል። ከገደሉ ባዶ በኩል! ሰይጣን መሰለኝ። ወይ እኔው ደንግጬ ሳይታወቀኝ ነፍቼ እንደሆነስ? እኔ ገድያቸው እንደሆነስ?»

«እሰይ!» አለ አንሙት ከኋላ። «የከተማ ልጅ፣ ገደል ማሚቶ ቢመልስላት ሰይጣን አለችው።»

አካለ ወልድ የሰፈሩን ወጥ ሠሪ ጥሩብርሃንን ፈልጎ ከምድጃዋ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ፣ ፊሽካውን ሰምተዋል?»

«እንዴት አልሰማ! አንሙት ቀለብ ሊያመጣ የወረደ ዕለት ልጆቹ ሲለማመዱ እኔንም ለመደብኝና፣ በተነፋ ቁጥር አብሬ እጸልያለሁ። ዛሬ ግን አላስጨረሰኝም። ‹መንግሥትህ ትምጣ› ሳልል ደግሞ ይነፋል። ምን ዓይነት ጥድፊያ ነው አልሁ።»

«ትናንት ሰፈሩ ሰላም ነበር?»

ዙሪያዋን ቃኘችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼና አንሙት ተጣልተዋል። ‹ደም በሽምግልና ይደርቃል፤ በዝምታ ግን አይደርቅም› ሲሉት ሰማሁ። የማን ደም እንደሆነ እንጃ።»

ኢንስፔክተሩ አብሮት የመጣውን ፖሊስ ፊሽካ አስይዞ ከላይ ከገደሉ አፋፍ አቆመና፣ ሔዋንን አስከትሎ ወደ ፏፏቴው ወረደ። ብዙ ቆሙ። ሔዋን ምን እንደሚጠብቁ አልገባትም። የኢንስፔክተሩ አፍ ሲንቀሳቀስ አየች፤ ቃሉን ግን ውሃው ዋጠው።

ሲመለሱ ጉሙ እንደገና ወርዶ ነበር። ጅብራዎቹ የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ። ሁሉም እሳቱን ከበቡ።

«አንሙት» አለ አካለ ወልድ፣ «የጠፋ ልጅ እንዴት እንደሚነፋ እስቲ አሳየን።»

አንሙት ሳቀ። ሦስት ጊዜ ነፋ። ትንፋሽ ወሰደና ሦስት ነፋ። ደግሞ ሦስት። በልባቸው መጸለይ የጀመሩት ልጆች እርስ በርስ ተያዩ።

«ወይ ጉዴ!» አለች ጥሩብርሃን። «ይኸው ነው! የጠዋቱ ይኸው ነው!»

«ጸሎቱን ሲያስተምሩ ቀለብ ልታመጣ ወርደህ ነበር» አለ ኢንስፔክተሩ። «ልጆቹ ሁሉ ተምረዋል። ምድጃ ላይ የነበሩት እትዬ እንኳ ተምረዋል። አንተ ብቻ አልሰማህም።»

«ልጅ ሲፈራ የተማረውን ይረሳል!»

«ይረሳል። ጋሼም እንደዚያ አስበው ነው የሞቱት። ሁለት ፊሽካ ሰሙ። አንዱ እያረፈ ይነፋል፤ እሱ ደህና ነው። ሌላው ይጣደፋል፤ ሌላ ልጅ ጭንቅ ላይ ነው አሉ። ሩጫ ይገድላል ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ለልጅ ሲሉ ሮጡ። አንተ ከገደሉ ማዶ ነበርህ። በመካከላችሁ ያለው ባዶ ነው።»

«ገደል ማሚቶ ነው አልኋችሁ!»

«ገደል ማሚቶ የሰጡትን ይመልሳል፤ ያልሰጡትን አይጨምርም። ሔዋን ዝም ስትል እሱም ዝም ባለ ነበር። ደግሞስ ፏፏቴው ሥር ሆኜ ሰማሁ አልህ። እኔ እዚያው ቆሜ ፖሊሱ ከላይ እስኪደክመው ነፋ፤ ከውሃው በቀር ምንም አልሰማሁም። እንዴት እንደተነፋ ያወቅኸው ነፊው አንተ ስለሆንህ ነው። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ የማን ደም ነው?»

የአንሙት እጅ አንገቱ ላይ ባለው ፊሽካ ላይ ቀረ። ሳቁ ጠፍቷል።

«የዓባይ» አለ። «ያን ዕለት መንገድ የምመራው እኔ ነበርሁ። ጉሙ ሲወርድ ትቼው ሮጥሁ። ጋሼ ለአባቱ ሊነግሩብኝ፣ ሽማግሌ ሊልኩልኝ ነበር። እነዚያ ሰዎች ደማቸውን ሳይመልሱ የሚያድሩ አይደሉም። ፈራሁ።»

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ።

ቃሬዛው ቀድሞ ወረደ። ሔዋን ግን ከጉሙ ጫፍ ቆማ ቀረች፤ ከፊቷ ያለው ሁሉ ነጭ ነው። አካለ ወልድ ተመልሶ እጁን ዘረጋላት።

«እኔም በልጅነቴ እዚህ ጉም ውስጥ ቀርቼ ነበር» አላት። «ከጅብራ ሥር ተኮራምቼ ሳለቅስ ያገኙኝ እኚህ ሰው ናቸው። አድጌ ምን ላድርግልዎ ብላቸው፣ ‹ለእኔ ምንም፤ አንተም አንድ ልጅ ከጉም አውጣ› አሉኝ። በይ፣ ቀስ ብለሽ። አንሮጥም።»

እጁን ይዛ ወረደች። ከመኪናው መንገድ ሲደርሱ እናቷ እየጮኸች መጥታ አቀፈቻት።

አካለ ወልድ ወደ ቃሬዛው ሄደና ነፋስ የገለጠውን የጋቢውን ጫፍ መለሰ።

«ጋሼ» አለ፣ «አወጣኋት።»