ያልነሳችው ሰማያዊ መኪና

ጡረተኛው ሰማያዊ መኪናው ውስጥ፣ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ፣ ቁልፉን እንደ ጠላት ጉሮሮ ጨብጦ ሞቷል። አስም ነበረበት። በዓመት አንዴ ሁለቴ ሲብስበት ራሱ እየነዳ፣ አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ክሊኒክ ይደርሳል። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ግን መኪናዋ እምቢ አለች።

ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ ሬሳ ጠበቃት። መኪናዋን የሚጠግነውን መካኒክ አሳሰረች።

«እሱ ነው! ባሌ ሰው ፊት ስላዋረደው ቂም ይዞ ነው የገደለው! ይሰቀልልኝ!»

መርማሪዋ ደረሰች። «ወንፊት» ይሏታል። በእሷ ዐይን ፊት እንኳን ሰው፣ ዝንብ ብትዋሽ ትንተባተባለች። ሰባት አገር ያወቀው ነው፤ ስምንት ብል ግን ማጋነን ይሆናል።

«ምን ሆና ነው ያልተነሳችው?» አለችው ካቴና የገባለትን መካኒክ።

«ባትሪዋ ሞቷል፣ እመቤቴ። ፖሊሶቹ ሞክር ሲሉኝ ቁልፉን ባዞር፣ ጭጭ!»

«ሌላ ባትሪ አምጡ።»

አመጡ። አሮጊቷ መኪና በግማሽ ዙር ተነስታ የሰፈሩን መስኮት ሁሉ አንቀጠቀጠች። መካኒኩ ፈገግ አለ። የወንፊት ፊት ግን ጠቆረ።

«አንተስ ምን ሰማህ?» አለችው አጥር የሚጋራውን ልብስ ሰፊ።

«ሲያስነሳ ሰማሁ። እርርር፣ እርርር ብላ ብላ ደከመች። ሮጬ ስገባ ድምፁ የለም። ነፍሱ ያለች መስሎኝ መኪናዋ ትነሳ እንደሆን ብዬ ኮፈኑን ከፍቼ ነካካሁ። እኔ ደግሞ መኪና የት አውቄ!»

ወንፊት ኮፈኑ ስር አንገቷን ቀበረች። ሰው አግብቶ ልጅ የሚድርበትን ያህል ቆየች። ከዚያ የሟቹን ኮት አስመጥታ አዝራሮቹን አገላብጣ አየችና ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች።

«ባትሪው ደህና ነበር፤ ጎረቤት ሰምቷል። ያደከመው የሟቹ ሙከራ ነው። ታዲያ ያኔ እምቢ ያለች መኪና አሁን እንዴት ተነሳች? የጎደለ ነገር ነበር፤ ሰውየው ከሞተ በኋላ ተመለሰ። ነዳጁን ለሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች እሳት የሚያከፋፍለው ክዳን ውስጥ አውራ ጣት የምታህል የምትሽከረከር ዕቃ አለች። እሷ ከወጣች ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም።»

«ይህን ከመካኒክ በቀር ማን ያውቃል?» አለች ሚስት።

«ክዳኑን በምን አሰርከው?» አለች ወንፊት ወደ መካኒኩ ዞራ።

«በሽቦ። ማያያዣው ተሰብሮ ነበር።»

«አሁን የታሰረው በክር ነው። አምስት ጊዜ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ልክ እነዚህ አዝራሮች እንደተተከሉት። ስሩም የተቆረጠ ክር ሞልቶበታል፤ ስልሳ ቆጥሬ ተውኩት። የአንድ ቀን ንዴት አይደለም። ኮቱን ማን ሰፋው?»

ልብስ ሰፊው አልካደም። ደረቱን ነፋ።

«እኔ ነኝ! ሚስቴን ምጥ ይዟት ደጁ ተደፍቼ ስለምነው ‹አይነሳም› አለኝ። ከነልጇ ሞተችብኝ። በማግስቱ እየነዳ ሲወጣ በዐይኔ በብረቱ አየሁት! ዕቃዋን ያሳየኝ ራሱ ነው፤ ሩቅ አገር ስሄድ ሌባ እንዳይነዳብኝ የምነቅላት ይቺን ነው ብሎ። ከእሁድ በቀር መኪናውን አያወጣም። ሰባት ወር ሙሉ ሰኞ ነቀልኩ፣ ቅዳሜ መለስኩ፤ አስሙ እስኪመጣ። ‹አይነሳም› ምን እንደሚመስል ይቅመሰው ብዬ!»

ካቴናው የተፈታለት መካኒክ የእጁን አንጓ እያሻሸ ቀና አለ።

«ያን ዕለት እኮ እውነትም አትነሳም ነበር» አለ። «ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ተቃጥሎ ነበር። ጋሼ በዚያ አስማቸው ጋራዥ ድረስ እየሮጡ መጥተው ‹የጎረቤቴ ሚስት ልትሞት ነው፣ ድረስልኝ› ብለው ለመኑኝ። ሌላ ሥራ ይዤ ዘገየሁ። በማግስቱ የነዷት እኔ ጠግኜላቸው ነው።»

 ልብስ ሰፊው መሬት ላይ ዘጭ አለ።

የሟቹ ሚስት ተጠጋችው። ግቢው ሁሉ ጥፊ ጠበቀ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣ መረቀችው።

«ዕድሜ ይስጥህ፣ ወንድሜ። የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥህ። አንዲት ቀን እንኳ አትጉደልብህ።»