ቀለም ያልያዘው ወረቀት

ማስመሪያ በቢላዋ ጫፍ ከቅቤው ላይ ላጥ አድርጋ አነሳችና የሚዛኑን ቁጥር ጠበቀች። ሃያ ስምንት። መሆን ያለበት ሃያ ሰባት ነው። እንደገና ላጥ አደረገች።

«የተረፈውን ልላሰው?» አለች ታናሽ እህቷ ቢላዋውን እያየች።

«አይቻልም።»

«አታካብጂ፣ አንድ ግራም እኮ ናት።»

«አንድ ግራምም ትጻፋለች።»

ማስመሪያ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። ደብተሯ ላይ በነጻ እጅ መስመር አስምራ አታውቅም። ሰባት ዓመት የሆናት እህቷ አንድ ቀን ሰምታ ስሙን ወደ ቤት ይዛው ገባች፤ በዚያው ቀረ።

የመመዘኑ ሥራ ለእሷ የተሰጠውም በዚሁ ጠባይዋ ነው። ትንሿን የሚጥል በሽታ ያስቸግራታል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥልባታል። ስለዚህ ክሊኒኩ ስኳርና ዳቦ የሌለበት፣ ቅባት የበዛበት አመጋገብ አዘዘላት። ሰውነት ስኳር ሲያጣ ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ሲጀምር ሽንት የሚነካው ቀጭን መመርመሪያ ወረቀት ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል። የምግብ ባለሙያዋ ጊዜው ከሰው ሰው እንደሚለያይ፣ አንዱ በሁለት ቀን ሌላው በሁለት ሳምንት እንደሚደርስ ነግራቸው ነበር። ወረፋ ላይ አጠገባቸው የተቀመጠች ሴትዮ ግን የልጇ ወረቀት በሁለተኛው ቀን እንደተቀየረ ስታወራ ዋለች። በማስመሪያ ጆሮ ውስጥ የቀረው የሴትዮዋ ወሬ ነው።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት። ልጄ የማትቀምሰው በእኔም አፍ አይገባም ብላ አመጋገቡን አብራ ጀመረች። የእሷ ወረቀት በሦስተኛው ቀን ወይን ጠጅ ሆነ። የትንሿ ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው፤ አሁንም ፈዛዛ፣ ውሃ ብቻ የነካው ይመስላል። ማስመሪያ በየቀኑ ደብተሩ ላይ ለሁለቱም ትንሽ ሳጥን እየሠራች በባለቀለም እርሳስ ትሞላለች። ሰኞ ደብተሩን ይዘው ክሊኒክ ይቀርባሉ። አመጋገቡ በትክክል ካልተጠበቀ ይቋረጥና ወደ መድኃኒቱ ይመለሳሉ ተብሏል፤ ያውም መጠኑ ተጨምሮ።

ስለዚህ መጠርጠር ጀመረች። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የእህቷን ቦርሳ ትበረብራለች፤ ጣቶቿን ታሸታለች፤ ምላስሽን አውጪ ትላለች። ትንሿ መጀመሪያ ላይ እስከ አገጯ አውጥታ ትስቅ ነበር። በኋላ ግን ገና በሩ ላይ፣ ሳትጠየቅ፣ ቦርሳዋን ገልብጣ ማፍሰስ ጀመረች። ማስመሪያ ይህንንም ጠረጠረችው። የማይደብቅ ሰው ምን አቻኮለው?

ትናንት ከሰዓት ወጥመድ አዘጋጀች። ለእንግዳ የተቀመጠውን ብስኩት ቆጠረች፤ አሥራ ሁለት ነው። የፌስታሉን አፍ በቀይ ክር አስራ ጨርቅ መደርደሪያው አናት ላይ አስቀመጠችው። ዛሬ ምሳ እንዳበቃ ወንበር ላይ ወጥታ አየች። ክሩ እንደታሰረ ነው፤ ቋጠሮውን ሳትፈታ ከፌስታሉ አፍ አንሸራታ አወጣችው። ብስኩቱ ግን አሥር ነው።

ያዝኳት፣ አለች በልቧ። ደብተሩን ከፍታ ከአሥረኛው ቀን ትይዩ «በድብቅ ብስኩት ትበላለች» ብላ በእስክሪብቶ ጻፈች። ከሥሩም አሰመረችበት።

ትንሿ ከኋላዋ ቆማ ኖሯል። ማንበብ የጀመረችው ዘንድሮ ስለሆነ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነበው። «በ… ድብ… ቅ… ብስ… ኩት…» መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷን ከወረቀቱ አነሳች።

«እኔ ነኝ?»

«ክሩን ፈትተሽ መልሰሽ አስረሽዋል።»

«ማሰር መች እችላለሁ?» አለች ትንሿ ቀስ ብላ። «የጫማዬን ክር የምታስሪልኝ አንቺ አይደለሽ?»

ማስመሪያ ክሩን አንስታ አየችው። እሷ ያሰረችው ድርብ አድርጋ ነበር። ይህ ግን በሁለት ጣት መሃል ተጠቅልሎ የተሳበ፣ ዶቃ የሚያክል ጠንካራ ቋጠሮ ነው። እንዲህ የሚቋጥር ሰው ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ በቀን መቶ ጊዜ ይቋጥራል።

ክሩን በመዳፏ ይዛ ወደ ፊተኛው ክፍል ሄደች። እናቷ ክሩን ስታይ እግሯ መርገጫው ላይ ቆመ። የስፌት መኪናው ጸጥ አለ።

ትናንት ማታ እንዳዞራት፣ መርፌ ማስገባት እንዳቃታት፣ ሁለት ብቻ እንደበላች ተናገረች። ከዚያ በፊትም አንዴ ቀምሳለች።

«አደራሽን ለእሷ እንዳትነግሪያት» አለች። «አብሬሽ ነኝ ብያታለሁ።»

ማስመሪያ ወደ ደብተሩ ተመለሰች። ዛሬ ጠዋት የሞላችው የእናቷ ሳጥን ወይን ጠጅ ነው፤ የትንሿን ግን በጥርጣሬ ሳትሞላው አቆይታዋለች። የበላችው ወይን ጠጅ፣ ያልበላችው ፈዛዛ። የምግብ ባለሙያዋ «ጊዜው ከሰው ሰው ይለያያል» ያለችው ቃል በቃል ትዝ አላት።

ትንሿ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እያፈሰሰች ነበር። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ የጠየቃትም የለም።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እንድታዪ።»

ማስመሪያ አጠገቧ ተንበረከከች። እርሳሱን፣ ላጲሱን፣ የተጣጠፉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ወደ ቦርሳው መለሰች። ከዚያ ማስመሪያዋን አውጥታ የጻፈችውን ዓረፍተ ነገር ዳር እስከ ዳር ሰረዘችው። ከሥሩ፣ ትንሿ ልታነበው እንድትችል፣ ፊደሉን አተልቃ ጻፈች፦ «ተሳስቻለሁ። የተመዘነላትን ብቻ ነው የበላችው። ብስኩቱን የበላችው እማዬ ናት።»

ትንሿ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «እማዬ» ላይ ስትደርስ ወደ ፊተኛው ክፍል ዞረች። መኪናው አሁንም ጸጥ እንዳለ ነው።

«ርቧት ነው?» አለች።

«አዎ፣ ርቧት ነው።»

«የእሷ ግን ወይን ጠጅ ነው። የእኔስ?»

«የአንቺ ገና ነው።»

ማስመሪያ ከባለቀለም እርሳሶቹ ፈዛዛውን መረጠች። የአሥረኛውን ቀን ሳጥን ወረቀቱ እንዳሳየው፣ ከዚያ ሳታደምቅ፣ ሞላችው። ደብተሩን ዘግታ ወደ ክሊኒክ በሚሄደው ቦርሳ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ሳበችው።