ደረት ላይ የቀረ ቀይ ጭቃ

መምህሩ ሞቶ የተገኘው ከቁልቁለቱ ስር፣ መታጠፊያው ላይ፣ ቦይ ውስጥ ነው። ብስክሌቱ ከላዩ ተጋድሟል፤ ሄልሜቱ ለሁለት ተሰንጥቋል። ዝናቡ ቢያባራም ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በእንዲህ ያለ ጠዋት ጤነኛ ሰው ከብርድ ልብሱ አይወጣም፤ ትራያትሎን የሚሉት ጉድ የያዘው ሰው ግን ጤና የት ያውቃል! በአንድ ቀን ዋኝቶ፣ ብስክሌት ነድቶ፣ ሮጦ ለመጨረስ ዓመቱን ሙሉ መከራውን ያያል። ደግሞ ለደሞዝ ቢሆን ጥሩ! መምህሩ ፊዚክስ አስተማሪ ነበር።

ውድድር የሚጀመረው ከአምስት ወር በኋላ ስለሆነ የክለቡ ሰዎች ቤታቸው ገብተው በቆመ ብስክሌት ላይ ላባቸውን ያፈስሱ ነበር። ዝናብ ሳይሉ መንገድ የሚወጡት መምህሩና ጠበቃ ጓደኛው ብቻ ናቸው።

ኢንስፔክተሯ ሁለት ደረጃ ስትወጣ የምታለከልክ ወፍራም ሴት ናት። ብስክሌት ነክታ አታውቅም።

«የፊት ፍሬኑ ሽቦ ከብሎኑ ተፈቷል» አላት የትራፊክ ፖሊሱ። «ትናንት ማታ የጠገነለት ታናሽ ወንድሙ ነው። ያለቀ ነገር ነው።»

«ያለቀ ነገር ከሆነ እኔን በዚህ ብርድ ምን አስጠራችሁኝ?»

እያቃሰተች ቁጢጥ አለች። ከፀጉሯ ማስያዣ ነቅላ የብስክሌቱን ብሎኖች የመፍቻ ቁልፍ ማስገቢያ ቀዳዳ አንድ በአንድ ነካካች። ከሁሉም ቀይ ጭቃ ወጣ። የፍሬኑ ብሎን ቀዳዳ ግን ንጹህ ነበር። ማስያዣውን ጠርጋ ፀጉሯ ላይ መለሰች።

የወንድምየው ጋራዥ ከመታጠፊያው ወዲህ፣ ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ የሟች ሚስት መካኒኩን ደረቱን እየደበደበች ነበር።

«ወንድምህን በላኸው! በገዛ እጅህ!»

«እትዬ፣ አጥብቄዋለሁ። ሁለቴ አጥብቄዋለሁ» ይላል መካኒኩ። ግን እሱም ራሱን ማመን አቅቶታል። የሚፈራው እስር ቤቱን አይደለም። እሱን ያሳደገውን ታላቅ ወንድሙን ገድሎ እንደሆነ ነው የሚፈራው።

«ትናንት ምን ምን ሠራህ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ፍሬኑን ቀየርኩ። ብስክሌቱን አጠብኩ፣ አደረቅኩ። ከኋላው ጎማ በላይ ያለው ፓራፋንጎ ተሰብሮ ነበር፤ ፈትቼ አስቀረሁት። ያውና፣ ግድግዳው ላይ። ‹አንድ ቀን ያለሱ ብትነዳ ቂጥህ ቢረጥብ ነው› አልኩት። ሳቀብኝ።» ይህን ብሎ አለቀሰ።

ሚስትየው ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ባልሽን የሚያስጨንቀው ነገር ነበር?»

«ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው ያደረው። ‹እሁድ ክለቡ ሲሰበሰብ የምናገረው አለኝ፤ ግን ጓደኛዬ ስለሆነ መጀመሪያ ለራሱ ልንገረው› አለኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ጠበቃው ቤቱ ሲገኝ ገላውን ታጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሐዘኑንም እንደ ክራባት አስተካክሎ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ የአምናው ውድድር ሜዳልያ ተሰቅሏል።

«እስከ ነዳጅ ማደያው አብረን ነዳን። እዚያ ብርዱ ሲብስብኝ ተመለስኩ። ምነው ባልተመለስኩ!»

የኢንስፔክተሯ ዓይን በረንዳው ላይ በተንጠለጠለ ጃኬት ላይ አረፈ። ከሆዱ እስከ አንገትጌው ቀይ ጭቃ ተረጭቶበታል።

«ይሄስ?»

«ያለፈው ሳምንት ነው። ሁልጊዜ ከእሱ ኋላ ተጠግቼ ነው የምነዳው፤ ነፋሱን ይከልልልኛል። የዛሬውን አጥቤዋለሁ።»

«ጎበዝ ነዎት። እኔ ልብሴን እስኪሸት ድረስ አላጥብም» አለችና ከሰዓት በኋላ ጋራዡ እንዲመጣ ነገረችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ መካኒኩ አጠገብ ቆሟል። ጠበቃው ሚስትየውን ትከሻዋን ይዞ ያጽናናል፤ ደፋር!

«መካኒኩ ጥፋተኛ አይደለም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ብስክሌቱ ማታ ታጥቧል። ጭቃው የዛሬ ነው። የብሎኖቹ ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ ተደፍኗል፤ የፍሬኑ ብሎን ብቻ አልተደፈነም። ቁልፍ ገብቶ ጭቃውን ጠርጎታላ! ስለዚህ ሽቦው የተፈታው ማታ እዚህ አይደለም፤ ዛሬ፣ ከጭቃው በኋላ ነው። አደጋውን በዚህ ምስኪን ላይ ለማሳበብ።»

መካኒኩ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«ታዲያ ማን ነው የፈታው?» አለ ጠበቃው።

«እስከ ነዳጅ ማደያው መንገዱ አስፋልት ነው። ቀይ ጭቃ ያለው ከዚያ ወዲያ፣ ቁልቁለቱ ጋ ሳይደረስ፣ ጡብ ፋብሪካው አጠገብ ነው።»

«ያለፈው ሳምንት ነው ብያለሁ እኮ!»

«ብለዋል። ባለፈው ሳምንት ግን የመምህሩ ብስክሌት ፓራፋንጎ ነበረው። ጓደኛን ጭቃ ላለማልበስ አይደል የሚገጠመው? ከኋላው ተጠግቶ የነዳ ሰው ደረቱ የሚጨማለቀው ዛሬ ብቻ ነው። ፓራፋንጎው ትናንት ማታ መፈታቱን እርስዎ አላስተዋሉም። መምህሩ ደግሞ በዚህ ዝናብ አብሮት የሚወጣ ሌላ ጓደኛ የለውም። እሁድ የሚናገረው ስለ ማን ነበር?»

ጠበቃው ከሚስትየው ትከሻ ላይ እጁን አነሳ።

«አምና ሩጫው ላይ አንድ ዙር ዘለልኩ» አለ፣ ድምፁ ሳስቶ። «አንድ ዙር! ‹ሜዳልያውን ራስህ መልስ፣ አለዚያ እናገራለሁ› አለኝ። ቁልቁለቱ ላይ ትከሻውን ገፋሁት... ተናድጄ ነው።»

«ለአንድ ቁራጭ ብረት?» አለች ሚስትየው።

መካኒኩ ተነሳ። ፖሊሱ ሊይዘው ሲል ኢንስፔክተሯ ተወው አለችው።

«ብሎኑን ስትፈታ ወንድሜ ሞቶ ነበር?»

ጠበቃው መሬት መሬቱን አየ።

«ንገረኝ እንጂ!»

«አልሞተም ነበር።»

«አናገረህ?»

«‹ወንድሜን ጥራልኝ› አለኝ።»

ሚስትየው መጥታ የመካኒኩን ክንድ ያዘች። እሱ ግን በበሩ በኩል ወደ መታጠፊያው ያይ ነበር።

«ጋራዡ ክፍት ነበር እኮ» አለ። «ከአስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነበርኩ።»