ጓንቱን ያልበላው ክምር

አንድ ሙሉ ሰው በአራት ወር አጥንቱ ብቻ ሲቀር፣ አብሮት የተቀበረ ስስ የላስቲክ ጓንት እንዴት እንደ አዲስ ይቆያል? መርማሪዋ የብስባሹ ክምር ጫፍ ላይ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ቆማለች፤ መልሱን አላገኘችውም። ከክምሩ የሚወጣው እንፋሎት የከረመ ጎመንና የሻገተ ስብ ይሸታል፤ ምላሷ ላይ ሳይቀር ተለጥፏል። ከሟቹ አንገትጌ አንድ ትል ወጥቶ በሰማያዊው ጓንት ላይ ተንፏቀቀና የሚበላው ሲያጣ ተመለሰ።

ሟቹ ጠፉ ተብለው ሲፈለጉ የከረሙት የጓንት ፋብሪካው ተመራማሪ ናቸው። ጓንት በአሸዋ፣ በጭቃና በብስባሽ እየተቀበረ መበስበሱ የሚፈተንበት የዚህ የሙከራ ግቢ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ባለፋብሪካው፣ ጓንቱን በላቦራቶሪ የምትመረምረው ላቦራንትና የሟቹ ልጅ ባል የሆነው የፋብሪካው ሻጭ። ፖሊሶች ጓንቱ ከመደርደሪያዋ የወጣ ነው ብለው ላቦራንቷን በካቴና አስረዋታል።

«እህቴ፣ ጓንት የት ይበሰብሳል?» አለቻት መርማሪዋ ላቦራንቷን።

«ደረቅ አሸዋ ውስጥ ንክች አይልም። ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥም እንደዚያው። ሙቀት፣ እርጥበትና አየር ሲያገኝ ግን በዘጠና ቀን ያልቃል ... ይላል ለገዢዎች የሚሰጠው የምርመራ ወረቀት።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ በየሳምንቱ እያጠብኩ እመዝነው ነበር። በሞቃቱ ክምር ቀለሙ ገረጣ፣ ጠርዙ ሻከረ፤ በቃ። ሌላ ቁጥር ጻፊ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።» በአገጯ ባለፋብሪካውን አመለከተች።

ባለፋብሪካው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «ገበያ ነው እመቤቴ። የማያጋንን ነጋዴ አለ?» አለ።

ሻጩ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ዘጠና ቀን! ጓንት ሳይሆን የሰላጣ ቅጠል ይበሉት። የአባባ ሥራ ነው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ወረቀቱን በቃሌ ልበልልዎ?»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሦስቱንም ክምሩ ዳር ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ከሁሉም መርጦ ሞቃቱንና እርጥቡን ክምር ቆፈረ። ሬሳውም ሲገድል ያጠለቀው ጓንትም እንዲጠፉለት ነው። ላቦራንቷ ብትሆን፣ ጓንቱ እንደማይጠፋ በእጇ መዝና ታውቃለች፤ እሳት ውስጥ ትከተው ነበር። እርስዎም፣ ባለፋብሪካው፣ ቁጥሩን ያስቀየሩት ራስዎ ነዎትና ያውቃሉ። በዚህ ግቢ ውሸቱን ከልቡ ያመነ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሻጩ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«አትደብቀው። ጓንቱን ገልብጠን ከውስጡ የጣት አሻራ አንሥተናል።»

«ነግረውኝ ነበር» አለ ሻጩ፤ ድምፁ ተሰባበረ። «‹አይበሰብስም፤ ነገ ለገዢዎቹ እናገራለሁ› አሉኝ። ተፎካካሪ የገዛቸው መሰለኝ። ወረቀቱ ላይ እኮ ፊርማቸው አለ!»

«እሳቸው አልፈረሙም» አለች ላቦራንቷ ቀስ ብላ።

ሻጩ ወደ ባለፋብሪካው ዞረ። ባለፋብሪካው ሰዓቱን አየ።

የላቦራንቷ ካቴና ተፈታ፤ የእጇን አንጓ እያሻሸች ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። መርማሪዋ መኪናዋ ውስጥ ገባችና ጓንቱን ለሆስፒታሎች ለሚገዛው መሥሪያ ቤት ኃላፊ በስልኳ ጻፈች፦ «ጓንቱ አይበሰብስም። ወረቀቱ ሐሰት ነው። ሆስፒታሎቹ ይበሰብሳል ብለው ያገለገለውን ጓንት መቅበራቸውን ያቁሙ።»

መልእክቱ እንደተነበበ ስልኳ አሳያት። በማግሥቱም፣ በወሩም መልስ አልመጣም።