ነጭ ጨርቅ የማትቀበለው ልብስ ሰፊ

«የሚደማዎት ነገር አለ? ድድ፣ አፍንጫ?» ብላ ጠየቀች ነርሷ።

«እኔን የሚያደማኝ ልብሱን ወስዶ የሚጠፋ ደንበኛ ብቻ ነው» አለች ታካሚዋ። የክፍሉ በሽተኞች ሳቁ፤ ነርሷም ሳቀች። አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠችው ልጇ ብቻ ጥርሷን ነከሰች። አሁን ይሄ ያስቃል?

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ከሆነ ወዲህ ነጭ ጨርቅ መቀበል ትታለች። ለደንበኞቿ «ነጭ ዓይኔን ይወጋኛል» ትላቸዋለች፤ እውነቱ ግን መርፌ ጣቷን ነካ ካደረጋት ደሟ አልቆምም ብሎ ያስቸግራል። ጠዋት ስትጉመጠመጥ የምትተፋው ውኃ ቀይ ነው። የትራስ ልብሱን የምታጥበው ደግሞ ልጅቷ ናት፤ ያውም ጎረቤት ሳያይ።

የሐሞቷን መውረጃ የዘጋውን ጠጠር የሚያወጣላት ቀዶ ጥገና አንዴ ቀጠሮው ተላልፏል። «ደማሁ ካልኩ ዳግም ይገፉታል፤ ትንፍሽ እንዳትዪ» ብላ «እናቴ ትሙት» አስብላታለች። በእናት ሞት አስምሎ እናትን ማስገደል! ልጅቷ ይህን ስታስብ ጆሮዋ ጋለ።

ነርሷ ቀጠለች። ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ደም የሚያረጋው ቫይታሚን ከምግብ ወደ ሰውነት እንደማይገባ፣ በሽታ የመከላከል አቅምም እንደሚዳከም፣ ያኔ ምላጭ ያረፈበት ሁሉ እየደማ እንደሚያመረቅዝ አስረዳች። በእጇ ያለው የደም ምርመራ ውጤት በፊተኛው ቀጠሮ ጊዜ የተሠራ ነው፤ ያኔ የታካሚዋ ደም ደህና ነበር። «ካለ ይንገሩኝ። በመርፌ የሚስተካከል ነገር ነው፤ ጥቂት ቀን ቢያቆየን ነው።»

«የለም አልኩሽ እኮ፣ የኔ እመቤት» አለች እናት። በብርድ ልብሱ ስር እጇን ሰድዳም የልጇን ጭን ቆነጠጠች።

ቁንጥጫው ነው ነገሩን የጨረሰው። ልጅቷ ብድግ አለች።

«ውሸቷን ነው፣ ሲስተር። ድዷ በየቀኑ ይደማል። መርፌ ሲወጋት ደሟ አይቆምም። አሁን ደግሞ ነስር ጀምሯታል።»

ነርሷ ሳቋን ዋጠች፤ የነገው ቀዶ ጥገና እንዲቆይና ደሟ እንደገና እንዲመረመር ለሐኪሙ ልትነግር ወጣች።

«ለዚህ ነው ያሳደግኩሽ?» አለች እናት። «ከሃዲ። ውጪልኝ፣ ዓይንሽን አልይ።»

«ተሳደቢ። እየደማሽ ከምትቀልጂ እየሰደብሽኝ ብትኖሪ ይሻለኛል።»

እናት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅቷ በሩ ድረስ ሄደች። ይቅርታ ግን ብትሞትም አትልም። በሩ ሥር የነበረውን ወንበር እየጎተተች ተመለሰች፤ በአልጋውና በግድግዳው መሃል አስገብታ፣ እናቷ ዓይኗን በገለጠች ቁጥር ልታያት ግድ በሚላት ቦታ ተቀመጠች።