ቺሌሼ እና ሥር የሌላቸው እንጉዳዮች

ቺሌሼ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ከምፒካ ከተማ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጫካው ከጓሮ በሚጀምርበት መንደር ነው።

ዝናብ ሲጀምር በዚያ መንደር ቤት የሚቀር ሴት የለም። ትልቁም ትንሹም ቅርጫቱን ይዞ እንጉዳይ ለቀማ ይወጣል። ከሁሉም በላይ እንጉዳይ የሚያውቁት ባና ሞፍያ ነበሩ፤ የሞፍያ እናት ማለት ነው። ባና ሞፍያ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ስለዚህ እንጉዳይ የሚለዩት በጣታቸው ነው። ልጆቹ የለቀሙትን እፊታቸው ያፈሳሉ፤ እሳቸውም አንድ በአንድ ይዳስሳሉ።

«ኩይሳ ላይ የሚበቅለው ነጩ እንጉዳይ ረጅም ሥር አለው» ይሏቸው ነበር። «ሥሩ እስከ ምስጦቹ ቤት ድረስ ይወርዳል። እሱን የሚመስል ሌላ ነጭ አለ። ያኛው ሥር የለውም፤ ሆድ ይገለብጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከነሥሩ ንቀሉ።»

ቺሌሼ ይህንን በቃሏ ታውቀው ነበር። ልጆች፣ ይህን አስተውሉልኝ። ያጠፋችው ሳታውቅ አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቺሌሼ ከጓደኛዋ ከምዋፔና ከሌሎች ልጆች ጋር ጫካ ገባች። ገና ብዙ ሳይሄዱ ማሱኩ ዛፍ አገኙ። ጣፋጩ ፍሬ በስሎ መሬት ላይ ረግፏል።

«ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ» አለች ቺሌሼ።

ቁጭ ብላ በላች። አንዱን ስትጨርስ ሌላው ያምራታል። ሆዷ ጠግቦ ስትነሳ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ልጆቹም ቅርጫታቸውን ሞልተው እየተመለሱ ነበር።

«ቺሌሼ! ቅርጫትሽን ዶሮ ልታሳድሪበት ነው እንዴ?» አለች ምዋፔ እየሳቀች። «ባና ሞፍያ ‹ጎበዟ ተማሪዬ› የሚሉት አንቺን አይደል?»

ሁሉም ሳቁ። የቺሌሼ ፊት ጋለ።

«አሁን እመጣለሁ!» ብላ ሮጠች።

ጦሙን ያደረ አሮጌ እርሻ ጋ ስትደርስ ትልልቅ ነጫጭ እንጉዳዮች ክብ ሠርተው በቅለው አየች። በአካባቢው ኩይሳ የሚባል ነገር የለም። አንዱን ነቀለችው። ሥር የለውም። ገልብጣ ስታየው ከቆቡ ሥር ትንሽ አረንጓዴ ይላል።

መጥፎው እንደሆነ አወቀች።

«ቢሆንስ? ሲበስል ሁሉም ያው ነው» አለች በልቧ። ከዚያም የእያንዳንዱን እንጉዳይ እግር ከመሐል ቀነጠሰች። የታችኛውን ክፍል እዚያው ጭቃ ውስጥ ትታ ቅርጫቷን ሞላች።

ባና ሞፍያ የቺሌሼን እንጉዳዮች ሲዳስሱ እጃቸው ቆም አለ።

«የእነዚህ ሥር የት አለ?»

«ኩይሳው ጠንካራ ነበር፣ እማማ። ስስባቸው ተሰበሩብኝ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ እማማ።»

ባና ሞፍያ አንዱን እንጉዳይ በእጃቸው አገላበጡት። «የሌላ ልጅ ቢሆን እጥለው ነበር። አንቺ ግን ዋሽተሽኝ አታውቂም። በይ ለባና ሎምቤ አድርሺላት። ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው፤ ጫካ መውጣት አልቻለችም።»

ልጆች፣ እስቲ እዚህ ጋ ቆም እንበል። ቺሌሼ እውነቱን ለመናገር ጊዜ አልነበራትም? ነበራት። ከባና ሞፍያ ደጅ እስከ ባና ሎምቤ ደጅ ድረስ ያለው መንገድ ሁሉ ጊዜ ነበር።

ባና ሎምቤ ሕፃኑን አቅፋ እየሳቀች ወጣች። የአራት ዓመቷ ሎምቤም ቀሚሷን ይዛ ተከተለቻት።

«እሰይ የኔ እመቤት! ሎምቤ፣ ነይ እይ፣ እህትሽ ምን እንዳመጣችልን!»

ቺሌሼ መሬት መሬቱን እያየች ቅርጫቱን አስቀመጠች። አንድ ቃል ሳትተነፍስ ሮጠች።

እናትና ልጅ እንጉዳዩን በተወቀጠ ለውዝ ሠርተው በንሺማ፣ ማለትም በበቆሎ ገንፎ፣ በሉት። ሳህኑ ሳይታጠብ ሁለቱም ማስመለስ ጀመሩ። ሎምቤ ሆዷን ይዛ ተኮራመተች። ጎረቤቶች በብስክሌት አፈናጥጠው ክሊኒክ ወሰዷቸው። እናትየው ጡት እንዳታጠባ ስለተከለከለች ሕፃኑ ከጎረቤት ቀረ። ሳያቋርጥ አለቀሰ። ልቅሶው ቺሌሼ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ጆሮዋን በእጇ ደፈነች፤ ልቅሶው ግን አልቀረላትም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሦስተኛው ቀን እናትና ልጅ ከስተው፣ ግን ድነው ተመለሱ።

እስከዚያው ግን በመንደሩ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ወሬው ሌላ ነበር።

«ዓይናቸው የማያይ ሴትዮ ምን እንጉዳይ ይለያሉ?» አለች አንዷ።

«ሰው ሳይጨርሱ በጊዜ ቢተዉት ምናለ!» አለች ሌላዋ።

ምዋፔ ወደ ቺሌሼ ጠጋ አለች። «እንጉዳዩ ግን ያንቺ አልነበረም እንዴ?»

«እሳቸው ናቸው ዳስሰው የላኩኝ» አለች ቺሌሼ።

አያችሁ? በአንዱ ውሸት ላይ ሌላ ጥፋት ጨመረች።

እናትና ልጅ በተመለሱበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዎች ሕመምተኞቹን ሊጠይቁ ባና ሎምቤ ግቢ ተሰብስበው ነበር። ቺሌሼም ከእናቷ ጋር አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ቆማለች። ባና ሞፍያ ዶሮ ታቅፈው በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። ዶሮዋን አስቀመጡ። ከዘራቸውን ጣሉ። ከዚያም በአገሩ ወግ ይቅርታ እንደሚጠየቀው፣ ጭቃው ላይ ተንበርክከው እጃቸውን ቀስ ብለው አጨበጨቡ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ጣቴ ከዳኝ። ማርጀቴን ሳላውቅ ልገድልሽ ነበር። ከእንግዲህ ለማንም እንጉዳይ አልለይም።»

ቺሌሼ ያንን ሽበታም ራስ ሲያጎነብስ አየች።

«ይነሱ፣ እማማ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞረ። «ይነሱ! እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ! ሥር የላቸውም ነበር። አውቄ ነው የሰበርኳቸው!»

ማሱኩውን፣ አሮጌውን እርሻ፣ ውሸቷን፣ ሁሉንም ተናገረች። ባና ሎምቤ ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። የቺሌሼ እናት በልብሷ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ይሄ ከጥፊ ይልቅ ቺሌሼን አመማት።

ባና ሞፍያ ገና እንደተንበረከኩ ነበሩ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ስሜ ሲነሳ እየሰማሽ ዝም አልሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ለምን?»

«አፍሬ ነው።»

«እኔስ አላፈርኩም?» አሉ አሮጊቷ።

ቺሌሼ ከጎናቸው ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

ማንም አልመታትም። እናቷ ግን እጇን ይዛ በመንደሩ ቤቶች ሁሉ አዞረቻት። በየደጃፉ ተንበርክካ «ባና ሞፍያ አልተሳሳቱም፤ እኔ ነኝ የዋሸኋቸው» አለች። አንዱ ቤት ልጆች ሳቁባት። አንድ ሰውዬ በሩን ዘጋባት። ምዋፔ ደጅ ስትደርስ ድምጿ ጠፋ፤ እንደገና መጀመር ነበረባት።

መጨረሻ ላይ ባና ሎምቤ ዘንድ ተመለሱ።

«ዛሬ ይቅር ብዬሻለሁ ብል እዋሻለሁ፣ ቺሌሼ» አለች ባና ሎምቤ። «ነገ ግን ነይና ውሃ ቅጂልኝ።»

በማግስቱ ሄደች። በሚቀጥለውም ቀን ሄደች። የመንደሩ ሴቶች ቅርጫታቸውን ይዘው ወደ ባና ሞፍያ ተመለሱ። ባና ሞፍያም እንደገና መለየት ጀመሩ። አሁን ግን ሥሩን ያልዳሰሱትን እንጉዳይ የማንም ይሁን የማን ይጥሉታል። ቺሌሼ ሌሎች ሴቶች ሲስቁና ሲጫወቱ ከሩቅ እያየች በባልዲዋ ውሃ ታመላልስ ነበር። ባና ሎምቤ «እዚያ አስቀምጪው» ከማለት ሌላ አታናግራትም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ቺሌሼ ባልዲውን አውርዳ ልትሄድ ስትል ባና ሎምቤ ጠራቻት። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ዘረጋችላት።

«እስቲ ያዢልኝ፤ ሊጥ ላቦካ ነው» አለች።

ቺሌሼ ሕፃኑን ተቀበለች። ሞቃት ነበር። አንገቱን እንዳይጥል በክንዷ ደግፋ አቀፈችው፤ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ።

ልጆቼ፣ የሠራነውን ጥፋት ስንደብቅ ጥፋቱ አይጠፋም፤ ምንም ያላደረገ ሌላ ሰው ይሸከመዋል፤ ስለዚህ ብናፍርም እውነቱን ቶሎ እንናገር።