የቅዳሜው ጀልባ

«ሆቴል?» አለች የምሥራች፣ የሔርሞን እናት፣ ስድብ የሰማች ይመስል። «ዘመድ እያለ ሆቴል?»

ሔርሞን ፍሪጁ ላይ የለጠፈችውን ካርታ በሁለት እጇ ከለለችው። ሊሄዱባት ያሰቡት የወደብ ከተማ፣ የሃሊፋክስ ካርታ ነው፤ ራሷ ናት የሳለችው። ወደቡን ሰማያዊ፣ ጀልባውን ቀይ፣ ምሽጉ ያለበትን ኮረብታ አረንጓዴ ቀብታዋለች። ጀልባው ላይ አራት ራሶች አሉ፦ አባት፣ እናት፣ ወንድሟ ኖላዊና እሷ። ኮረብታው ላይ በየቀኑ እኩለ ቀን ሲሆን መድፍ ይተኮሳል። አባቷ ገብረክርስቶስ ይህን ሲሰማ፣ «እኛ ከመድፍ ሸሽተን እዚህ ድረስ መጣን፤ ልጄ ደግሞ አውሮፕላን አሳፍራ መድፍ ልታሰማኝ ነው» ብሎ እስኪያስለው ስቋል።

ጉዞው የሔርሞን ነው። ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ስትጨርስ አባቷ፣ «ለአንድ ዊኬንድ የት እንደምንሄድ አንቺ ምረጪ፤ ፕላኑንም አንቺው አውጪ። እኛ ሻንጣ ተሸካሚ ነን» አላት። ለመምረጥ ጊዜ አልፈጀባትም። ኢስት ዮርክ ሰፈር ካለው አፓርታማቸው በረንዳ ላይ ሆና የኦንታሪዮን ውሃ ከሩቅ እያየች ነው ያደገችው፤ እሱ ግን ሐይቅ ነው። ባሕር አይታ አታውቅም። እናቷም አላየችም። አባቷ አይቻለሁ ይላል፤ እሱም ከአውሮፕላን መስኮት፣ ያውም እንቅልፍ እያዳፋው። ሔርሞን ነፋሱ ፊቷን እየመታት ወደቡን በጀልባ ልትሻገር፣ ማዶ ስትደርስ እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ እውነት ጨው ጨው ይል እንደሆነ በምላሷ ልትቀምሰው ትፈልጋለች። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ እንዲቀር አትፈልግም።

እናቷ በበኩሏ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጉዞው የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ እንዲሆን። «ባሕር ድረስ ሄጄ ዓሣ ሳልበላ አልመለስም» አለች። ስለዚህ በሁለቱ ጾሞች መሃል ያለች አንዲት ዊኬንድ ተመረጠች። ዓርብ ማታ ይገባሉ፣ እሑድ ይመለሳሉ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን የወደቡ ነው።

ሁሉም ነገር አምሮ ነበር። እናቷ ግን ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ካለ የአበሻ ሱቅ በርበሬ ልትገዛ ገብታ ለአንዲት ወዳጇ፣ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ ነገረቻት። በማግስቱ ከሃሊፋክስ እትዬ አሰፋሽ የሚባሉ ሴት ደወሉ።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለ አባቷ ወሬውን ሲሰማ።

«እትዬ አሰፋሽ ደግሞ ማን ናቸው?» አለች ሔርሞን።

«ማን ናቸው ትላለች እንዴ! አንቺን ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት። ገንፎዬን እያገነፋች፣ አንቺን እያጠበች። ሥራ አግኝታ ወደዚያ ባትሄድ ኖሮ ዛሬም ጎረቤቴ ነበረች። እሷ ያለችበት ከተማ ገብተሽ ሆቴል አደርሽ ማለት፣ በቁሟ ቀበርሻት ማለት ነው።»

ከዚያ የእትዬ አሰፋሽን ፕላን ነገረቻቸው። ዓርብ ጾም ስለሆነ ዶሮው ለቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርቱ ይጣዳል። ምሳ ላይ የከተማው አበሻ ሁሉ ሊያያቸው ይመጣል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ አየር ማረፊያ። ሔርሞን ዞር ብላ ካርታዋን አየች። ቀዩ ጀልባ ዶሮ ወጥ ውስጥ ሰጠመ።

«ጀልባውስ?»

«ከበላን በኋላ እናየዋለን» አለች እናቷ።

ሔርሞን «ከበላን በኋላ» ምን ማለት እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ከበላን በኋላ ሻይ ነው፤ ከሻይ በኋላ ወሬ ነው፤ ከወሬ በኋላ ጨልሟል።

«በይ እንግዲህ፣ ባለ ፕላኗ አንቺ ነሽ» አለች እናቷ ቦርሳዋን እያነሳች። «ኮል አድርጊና መቼ እንደምንገባ ንገሪያት። ደግሞ እርስዎ በያት፣ አደራ።» ለእትዬ አሰፋሽ የሚወሰድ ስጦታ ሊገዙ ከአባቷ ጋር ወጡ።

ኖላዊ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ችግር ሲፈጠር መፍትሔ ያመጣል፣ ከመፍትሔው ጋር ሌላ ችግር ያመጣል።

«ቺል በይ፣ ሲምፕል ነው» አላት። «ለእትዬ፣ ዳድ ዓርብ ከሥራ ኦፍ አላገኘም፣ ቅዳሜ ማታ ነው የምንገባው በያት። ለማሚ ደግሞ፣ እትዬ ቅዳሜ ቀን ሥራ ገቢ ናት፣ ማታ ኑ ብላለች በያት። ዓርብ ሆቴል፣ ቅዳሜ ጀልባ፣ ማታ ዶሮ። ዳን!»

«ውሸት ነው እኮ።»

«ውሸት አይደለም፤ ስኬጁል ነው።»

ሔርሞን ሳቋ መጣ። ሐሳቡ የሚያምር መሆኑ ነው ያናደዳት፤ የጎደለው ነገር የለም፤ ማንም አያውቅም። ነፋሱ ሳይቀር ፊቷ ላይ ተሰማት። ከፍሪጁ አጠገብ የተሰቀለውን ስልክ አንስታ ደወለች።

«ሔርሙዬ!» የሚል ድምፅ ጆሮዋን ሞላው። «አንቺ ነሽ በስልክ የምታወሪኝ? እዚህ ክንዴ ላይ ነበር እኮ የምትተኚው! ሳጥብሽ ጎረቤት እስኪሰማ ነበር የምትጮኺው። ውሃ ጠላትሽ ነበር!»

«አሁን እወዳለሁ» አለች ሔርሞን፤ ሳታስበው ነው የሳቀችው። «እንደምን አሉ፣ እትዬ?»

«በስንት ሰዓት ነው የምትገቡት? ዓርብ ብላኛለች እናትሽ።»

ኖላዊ ከሶፋው ተነስቶ አውራ ጣቱን ቀሰረላት።

«እ… ማለት… አባዬ…»

«እኔማ ቅዳሜን ኦፍ ወሰድኩ!» ብለው ቀጠሉ እትዬ አሰፋሽ፣ ሳያስጨርሷት። «አለቃዬ ታመምሽ ወይ አለኝ። ኦፍ ጠይቄው አላውቅማ!»

«ሥራዎ… ምንድን ነው?» አለች ሔርሞን፣ ጊዜ ለመግዛት።

«የአረጋውያን ቤት ላውንደሪ ነው፤ ወደቡ አፍ ላይ። አንሶላ ሳጥፍ ጀልባው ሲሄድ ሲመለስ በመስኮት አየዋለሁ። እኔም አጥፌ አልጨርስ፣ እሱም ተመላልሶ አይደክመው።»

«ተሳፍረውበት ያውቃሉ?»

እትዬ አሰፋሽ ከት ብለው ሳቁ። «እኔ? ብቻዬን? ይቺ ሴትዮ ምን ነካት አይሉም! ሰው ሲመጣልኝ አብሬ እሄዳለሁ እላለሁ። ሰው ይመጣል፤ እኔ ዶሮ እሠራለሁ፤ በልቶ ይሄዳል። ስንት ዓመት ሙሉ በዶሮ አለቀ፣ የኔ ልጅ!»

ሔርሞንም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ቆመ። የኖላዊ ስኬጁል እንዳለ ታያት። ቅዳሜ ጠዋት እነሱ ጀልባው ላይ ሆነው ሲንጫጩ፣ እትዬ አሰፋሽ እዚያው ከተማ፣ እቤታቸው፣ ሽንኩርት እየከተፉ «ይኸኔ አውሮፕላን ሊሳፈሩ ነው» ይላሉ። አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

«ምነው ዝም አልሽ? መቼ ልጠብቃችሁ?»

ሔርሞን ለኖላዊ ጀርባዋን ሰጠችው።

«ዓርብ ማታ» አለች። «ዓርብ ማታ እንገባለን፣ እትዬ። እርስዎ ቤት ነው የምናድረው።»

ከኋላዋ ኖላዊ ትራስ ፊቱ ላይ ጭኖ ተዘረረ።

«ግን አንድ ነገር አለ» ብላ ቀጠለች። «ዶሮው ቅዳሜ ምሳ አይሆንም። ለማታ ይሁን።»

«ዶሮው… አይሆንም?»

«ሽንኩርቱን ዓርብ ማታ አብረን እንከትፋለን። እኔ እከትፋለሁ። ኖላዊም ይከትፋል።»

«ኋት?» አለ ኖላዊ ከትራሱ ሥር።

«ኧረ በስመ አብ! እንግዳ ሽንኩርት ሊከትፍልኝ!» ቢሉም ድምፃቸው አልተቆጣም። «የጠራኋቸውን ሰዎች ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ማታ ኑ ይበሏቸው። ቀን እኛ ጀልባ ላይ ነን።»

«ወይ ጉድ። እናትሽም እንዲሁ ነበረች፤ ከያዘች አትለቅም። እሺ፣ አራታችሁ ወደብ ስትዞሩ ስንቅ ልቋጥርላችሁ?»

«አምስት ነን» አለች ሔርሞን።

«አምስተኛው ማነው?»

«ቅዳሜን ኦፍ የወሰዱት» አለች ሔርሞን። በዚያኛው ጫፍ ወንበር ሲሳብ ተሰማ፤ እትዬ አሰፋሽ የተቀመጡ መሰላት።

«ሔርሙ» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጠን፣ የልጅ መሰለ። «ነፋስ ይኖረዋል፣ አይደል? ሹራብ ልያዝ?»

«ይያዙ» አለች ሔርሞን። ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ እስክርቢቶዋን አነሳች፤ ቀዩ ጀልባ ላይ፣ ከአራቱም ራሶች ፊት፣ ነፋሱ ጋ፣ አንድ ሰው መሳል ጀመረች።